የአባዬ አፍ

በሰፈራችን ሰው ሲሞት የሚነግረን አባዬ ነው። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው። ዛሬ ዕድሩ በስልክ መልእክት የሚልክ ጸሐፊ አለው፤ ቢሆንም መልእክቱ ደርሷቸው እንኳ የአባዬን ጥሩምባ በጆሯቸው ካልሰሙ ጎረቤታቸው መሞቱን የማያምኑ አሮጊቶች አሉን። ጎህ ሲቀድ ጋቢውን ይለብስና ከአስፋልቱ ጀምሮ እስከ ወንዙ ዳር ያሉትን ቅያሶች አንድ በአንድ ያዳርሳል። አንዴ ይነፋል፣ ቆም ይላል፣ ከዚያ ከቁመቱ ጋር የማይሄደውን ትልቅ ድምፁን ይለቀዋል፦ «ዕድርተኛ ስማ! እማማ እገሊት አርፈዋል! ቀብር በስድስት ሰዓት ነው! ቀሪ ይቀጣል!» በዚያ ሰዓት ወደ ቂሊንጦ ፋብሪካዎች የሚወስዳቸውን ሰርቪስ የሚጠብቁ ልጃገረዶች ሟቿን ባያውቋትም ያማትባሉ።

ስለ ጥሩምባው ሰፈሩ የሚያወራው ነገር አለ። «ያለቅሳል» ይሉታል። የሌላው ሰፈር ጥሩምባ ቀጥ ብሎ ይጮሃል፤ የአባዬ ግን አንዳንድ ቀን መሃል ላይ ይሰበርና ሲቃ እንደያዘው ሰው እየተቆራረጠ ይወጣል። «እሱኮ ለሞተ ሰው ከልቡ ነው የሚያዝነው» ይባላል። እንዲያ በሚያለቅስባቸው ቀናት ደግሞ አባዬ ከቤት ሲወጣም ሲገባም አይናገርም። ለቅሶ ቤት ሄዶ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ ንፍሮ ሲቀርብለት በእጁ ይመልሳል። ሰው ይህን ሁሉ እያየ ያከብረዋል። እኔም ልጅ ሆኜ በአባዬ ሐዘን ትምህርት ቤት ድረስ እኮራበት ነበር።

ችግሩ ጥሩምባው ለሁሉም እኩል አለማልቀሱ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ገደማ ሳለሁ አንድ የባቡር ጡረተኛ ሞቱና ከቀብሩ ማግስት ሦስት ሴቶች ልጆቻቸው ለዕድሩ ዳኛ ክስ ይዘው መጡ። ክሳቸው በአጭሩ ይህ ነበር፦ ባለፈው ሳምንት ለጎረቤታቸው ስቅስቅ ብሎ ያለቀሰው ጥሩምባ ለአባታቸው ጊዜ እንደ ፋብሪካ ፊሽካ ቀጥ ብሎ ጮኸ። አባታችን ምን በደለ? ከማን ያንሳል? ዳኛው ግራ ገባቸው። አባዬን አስጠሩት፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆመ፣ አንገቱን ደፍቶ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። በሳልስቱ ጠዋት በደጃቸው ቆሞ እንደገና እንዲነፋ ተፈረደበት። ነፋ፤ ጥሩምባውም አለቀሰ። ልጆቹ እንደ አዲስ አለቀሱና ረክተው ገቡ። አባዬ ስለ ነገሩ ለማንም አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ዓመታት አለፉ።

ወደ ራሴ አፍ ልምጣ። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ አፌ ይቆስላል። በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ምላሴ ጠርዝ ላይ፣ ከንፈሬ ውስጥ፣ ጉንጬ ላይ ዙሪያዋ የቀላ ነጭ ነቁጥ ትወጣለች፤ ብቻዋንም አትመጣም፣ ዘመዶቿን ይዛ ነው። አሥር ቀን ታሰቃየኝና ማንም ሳያባርራት ትሄዳለች። ለሰው ስትናገሪው ቀላል ነው፣ «አፌ ቆስሏል» ነው የምትዪው። ሹሮ ሲነካት ግን ዓይንሽ እንባ ያቀራል፤ ሎሚማ አይነሳ።

በእኛ ሰፈር ደግሞ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። አንዷ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ትጠብቀኛለች። ሌላዋ «ሰው አምተሽ ነው» ብላ ትስቃለች። የቀሩት በሙሉ «ጨጓራ ነው» ይላሉ፤ እኔ ይህን ስሰማ ይነደኛል፤ በዚህ ከተማ ራስ ምታቱም፣ የጉልበት ሕመሙም፣ የባል ክፋቱም ጨጓራ ነው። ያዘዙልኝን ሁሉ ሞክሬያለሁ። አልጠቀመኝም፣ ግን ሁሉም ከደግነት ነበርና አልቀየማቸውም።

ሳድግ መምህርት ሆንኩ፤ ሁለተኛ ክፍል፣ አማርኛ። አፏ ለሚቆስል ሴት ከዚህ የባሰ ሥራ የለም። «ጠ» እና «ጨ» ምላስን ገፍተሽ ካልሆነ አይወጡም። አንድ ሰሞን ሕመሙን ሸሽቼ አለስልሼ ሳስተምር ቆየሁና ርእሰ መምህሩ ለጉብኝት ሲገቡ ሃምሳ ልጅ በአንድ ድምፅ «ተረቤዛ» አለ። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ።

እንዲህ እየሳቅኩበት የኖርኩት ነገር ዘንድሮ ማሳቅ አቆመ። ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል ከምላሴ ሥር አንድ ቁስል ወጣ፤ ከወትሮዎቹ የሰፋ፣ ጠለቅ ያለ። አሥር ቀን ጠበቅኩት፤ አልሄደም። ሁለት ሳምንት ሆነው፤ እዚያው ነው። በሦስተኛው ሳምንት በስልኬ መብራት መስታወት ፊት ቆሜ አየሁት። የማይድን የአፍ ቁስል ምን ሊሆን እንደሚችል የሆነ ቦታ አንብቤ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ አባቷ ከተለየን ቆይቷል፤ የምንኖረው ከአባዬ ጋር በእሱ ግቢ ነው። አባዬ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ልብስ ሳጥብ፣ ደብተር ሳርም፣ እኔ ብሞት ይህችን ልጅ ማን ያሳድጋታል እያልኩ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

ጤና ጣቢያ የሄድኩት ሰኞ ዕለት ነው። ክፍሉ ውስጥ የጠበቀችኝ ጤና መኮንን ከእኔ አሥር ዓመት ሳታንስ አትቀርም፤ ሁሉም «ዶክተር» ይላታል፣ እሷም ማረም የሰለቻት ይመስለኛል። እስከዚያ ቀን አፌን ያዩ ሰዎች በሙሉ አፌን አይተው መድኃኒት ነግረውኝ ነው የሸኙኝ። እሷ በደንብ ካየችው በኋላ ጓንቷን አውልቃ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበችና መጠየቅ ጀመረች። መቼ ጀመረሽ? በስንት ቀን ይድናል? ሌላ ቦታ ይቆስላል? ዓይንሽን ያምሻል? ሆድሽስ? በወር አበባሽ ሰሞን ይብስብሻል? በፈተና ሰሞንስ? ምን ዓይነት የጥርስ ሳሙና ነው የምትጠቀሚው? ሻይ ከምግብ ጋር ነው የምትጠጪው ወይስ ቆይተሽ? ስትጾሚ ምን ትበያለሽ? ውጭ ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ ሳለ እሷ ጊዜ የተረፋት ይመስል እየጠየቀች ጻፈች። እንደዚህ የሚጠይቅ ሰው ሳይ ያኔውኑ ወደድኳት።

«በቤተሰብ አፉ የሚቆስል አለ?» አለችኝ።

«የለም።»

«እናትሽስ?»

«እናቴ በልጅነቴ ነው የሞተችው። አፏ ግን ጤነኛ ነበር፤ ቃሪያ እንደ ዳቦ ነበር የምትበላው።»

«አባትሽስ?»

ሳቄ መጣ። «አባቴማ ጥሩምባ ነፊ ነው!» አልኳት። እሷም ፈገግ ብላ «የለም» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። መንስኤው አንድ ነገር ነው ብሎ የሚምል ሐኪም የለም አለች። ከበሽታ የሚጠብቀን የገዛ ሰውነታችን ተሳስቶ የአፋችንን ልባስ ይወጋል። ለዚህ የሚያጋልጥ ነገር ከወላጅ የሚወርስ ሰው አለ፤ እናትም አባትም ይህ ካለባቸው ደግሞ የልጁ ዕድል ይብሳል። በዚያ ላይ የሚቆሰቁሰው ነገር ይጨመራል፤ የብረት ማነስ፣ የቫይታሚን ማነስ፣ ጭንቀት፣ ጉንጭን መንከስ፣ ለአንዳንዱም አረፋ የሚበዛው የጥርስ ሳሙና። «ከልጅነትሽ ጀምሮ የሚመላለስ መሆኑ ጥሩ ነው» አለች። «ይኼኛው ግን ቆይቷል፤ ዝም ብዬ አላልፈውም። በቤተሰብ ቢኖር ትንሽ ልቤ ያርፍ ነበር።» ደም አስወሰደችኝ፣ የሚቀባ መድኃኒት ሰጠችኝና ለመጪው ሰኞ ቀጠረችኝ። «ካልቀነሰ ትልቁ ሆስፒታል እልክሻለሁ፤ ቆንጠር አድርገው ወስደው ይመረምሩታል።» ቆንጠር የምትለዋን ቃል ይዤ ወጣሁ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ የስልጤ ሰው ነው፤ ልጅ ሆኜ ከአባቱ ጋር ይሸጥ ነበር፣ አሁን ሱቁ የራሱ ነው። ወደ ቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ስንቅ የሚወስዱ ጠያቂዎች ቆመው ስለነበር እነሱን አስተናግዶ ወደ እኔ ዞረ። በዚያ ሳምንት ከቀዝቃዛ እርጎ በቀር የሚወርድልኝ አልነበረም።

«እርጎ ስጠኝ፤ የቀዘቀዘውን» አልኩት።

ፍሪጁን እየከፈተ «ዛሬ ደግሞ ባሰባቸው እንዴ?» አለኝ።

«ማን?»

«ጋሼ ናቸዋ። አፋቸው።»

እጄ ባንኮኒው ላይ ቀረ። ባለሱቁ ፊቴን አየና ያመለጠው ነገር ገባው፤ የእርጎውን ላስቲክ እንደያዘ ቆመ። «ቲቸር፣ የማታውቂ አልመሰለኝም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ከአባቴ ነው የሰማሁት። አፋቸው ሲቆስል እርጎ ብቻ ነው የሚወስዱት፤ ለሰው እንዳንናገር አደራ ብለውን ነበር። በአላህ፣ ከእኔ ሰማሁ አትበያቸው።»

ሁለት ትውልድ በአንድ ሱቅ ውስጥ የአባዬን ምስጢር ጠብቆ ኖሯል። ሰው ከቤቱ ውጭ እንዲህ የሚታመንበት ሰፈር ውስጥ በማደጌ ያን ዕለት ኮራሁ፤ ከቤታችን ውስጥ ግን እኔ አለማወቄ አናደደኝ።

ምሳ ላይ ከአባዬ ፊት ለፊት ተቀምጬ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። እንጀራውን በትንሹ ቆረሰ። ወጡ እስኪቀዘቅዝ እጁን አቆየ። ጉርሱን በግራ ጉንጩ ወሰደ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሳያኝክ ቆየ፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ። እኔኮ ነኝ! ያ አንገት ማዘንበል የእኔ ነው፤ ያ ዓይን መጨፈን የእኔ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ በአንድ ገበታ ተቀምጠን አላየሁትም፤ ለካ እኔም አፌን ሳስታምም ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም።

«አባዬ፣ አፍህን አሳየኝ» አልኩት።

«ምን ሆነሻል?»

«አፍህን።»

«ምግብ ላይ እንዲህ ይባላል?» ብሎ ተቆጣ። አባዬ ሲቆጣ ድምፁ አይጨምርም፣ ቅንድቡ ነው የሚነሳው። እኔም የእሱ ልጅ ነኝና ለቁጣ አላንስም፤ ከምላሴ ሥር ያለውን ቁስል፣ ሦስት ሳምንቱን፣ ሰኞን፣ ቆንጠር የሚባለውን ነገር፣ የልጄን ነገር ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። ቅንድቡ ወረደ። እጁን ታጠበና ተመልሶ ተቀመጠ።

ከዚያ ነገረኝ። አፉ የሚቆስለው ከልጅነቱ ጀምሮ ነው፤ የእሱ እናትም እንደዚሁ ነበሩ። ዕድሩ ጥሩምባውን ሲሰጠው ደስታው ወሰን አልነበረውም፤ ብረቱን ቁስል ላይ ሲያሳርፈው ግን ዓይኑ ይጨልምበታል። ስለዚህ ባልቆሰለው ጥግ ይዞ መንፋት ተማረ። ጥሩምባው የሚቆራረጠው ለዚያ ነበር። ሰው ለቅሶ ነው ሲል አፍሮ ዝም አለ። የባቡር ጡረተኛው የሞቱ ጊዜ አፉ ድኖ ነበር፤ ጥፋቱ ይኸው ነው። በሳልስቱ ያስለቀሰው ከንፈሩን ከውስጥ ነክሶ አድምቶ ነው።

«ለምን ደበቅክ?» አልኩት።

«ያንን ዘመን አንቺ አታስታውሺውም» አለ። «ያ በሽታ ሰፈሩን የጨረሰበት ጊዜ ነው። አፉ የቆሰለ ሰው ካዩ አበቃ፤ ብርጭቆው ይለያል፣ ልጁን የሚያጫውት ልጅ ይጠፋል። ተመረመርኩ፣ ነጻ ነኝ። ግን ማን ያምናል? ጥሩምባ ነፊ ደግሞ በሰው ሁሉ ደጅ ነው የሚቆመው።»

«እናቴስ?»

«እሷ ታውቅ ነበር። ከቤት እሷ ብቻ።»

እዚህ ላይ ንዴቴ ገነፈለ። «እሺ ለሰው ደበቅክ! እኔ ስምንት ዓመቴ ላይ ሲጀምረኝ አየህ፣ አውቀኸዋል። ዳማከሴ ሲያጠጡኝ፣ ጨጓራ ሲሉኝ እዚያው ቆመህ ነበር። አንዲት ቃል አትነግረኝም?»

አባዬ መሬት መሬቱን አየ። «ከእኔ ነው የያዘሽ ብዬ» አለ። «በብርጭቆዬ ትጠጪ ነበር። ከእጄ ትጎርሺ ነበር። እኔ ነኝ ያስያዝኩሽ።»

ያኔ አንድ ነገር ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ትምህርት ቤት በገባሁ በዓመቱ ገደማ አባዬ እኔን ማጉረስ አቁሞ ነበር። እናቴ ስታጎርሰኝ እሱ ወደ ሌላ ያያል፤ ብርጭቆውንም ለይቶ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ያስቀምጠው ነበር። እኔ ደግሞ አድጌያለሁ፣ ከእንግዲህ አባዬ አያጫውተኝም ብዬ ተቀብዬው ነበር የኖርኩት። አልቅሼበትም አውቃለሁ። ይህን ግን ያን ቀን አልነገርኩትም፤ ፊቱን ሳየው አልቻልኩም።

ሰኞ ጠዋት ሳልጠራው ተከትሎኝ መጣ። ኮቱን ለብሷል፣ ጫማውን ወልውሏል። በሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ ተቀምጦ የተናገረው «ወራጅ አለ» የሚለውን ብቻ ነው። ተራችን ሲደርስ ጤና መኮንኗ ወንበሩን አሳየችኝ፤ እኔ ከመቀመጤ በፊት አባዬ ተቀመጠበት።

«አባባ፣ የታመሙት እርስዎ ነዎት?» አለችው።

«እኔ ነኝ ያስያዝኳት» አላትና አፉን ከፈተ።

ለማንም ያላሳየውን፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲሰማው የኖረውን ያን አፍ በመብራት ሥር ቁልጭ አድርጌ አየሁት። ምላሱ ጠርዝ ላይ ሁለት ነጫጭ ነቁጦች አሉ፤ ከንፈሩ ውስጥ ተደራርቦ የሻረ ጠባሳ አለ። በዚህ ከንፈር ነው የሰፈሩን ሬሳ ሁሉ የሸኘው። ጤና መኮንኗ ጊዜ ወስዳ አየችው። ከዚያ አስነሥታው እኔን አየችኝ፤ ከምላሴ ሥር ያለውን በትንሽ ማስመሪያ ለካች፣ ባለፈው ሰኞ ከጻፈችው ጋር አስተያየች፤ በግማሽ ቀንሷል። የደም ውጤቴን አነበበች፤ ብረቴ ወርዷል። «በቤተሰብ» ከሚለው ጎን የጻፈችውን «የለም» ሰረዘችው። «ሆስፒታል አልክሽም» አለች። «ብረቱን ትወስጃለሽ፤ በሁለት ሳምንት ሙሉ በሙሉ ካልጠፋ ግን ትመጫለሽ።» ግድግዳውን ተደግፌ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

አባዬ ግን አልተንቀሳቀሰም። «ታዲያ እኔ አይደለሁም ያስያዝኳት?» አላት።

«አባባ፣ ይኼ አይተላለፍም። በደም የወረሰችው ነገር ነው፤ እንደ ቁመቷ፣ እንደ ዓይኗ።»

«በብርጭቆ?»

«አይተላለፍም።»

«በጉርሻ?»

«አይተላለፍም አባባ።»

ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያዞረዋል። የሚቀጥለውን ጥያቄ እኔ አስቀድሜ አወቅኩት፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እናቴን ቀብረን ስንመለስ፣ ስመረቅ፣ ስዳር፣ ልጄን የወለድኩ ቀን፣ አባዬ ሁልጊዜ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ ነበር የሚመርቀኝ። እኔ ይህን የእሱ ወግ ነው እል ነበር።

«ልጅ መሳምስ?» አላት።